«እዚህ» ስንል የትኛው እዚህ? ስዋሂሊ ቦታን እንዴት እንደሚናገር

(በናይሮቢ የማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ከአንዲት አባላችን የቀረበ ንግግር)

 

ስለ ስዋሂሊ ቋንቋ እንድናገር ስትጠይቁኝ ብዙዎቻችሁ ሰላምታና የገበያ ቁጥር የጠበቃችሁ ይመስለኛል። እሱን ግን ገበያው ራሱ አስተምሯችኋል፤ ሽንኩርት ስትገዙ ማንም እንደማያታልላችሁ አውቃለሁ። የቋንቋውን ክብርም ለመተረክ አልመጣሁም። የኬንያ የ2010 ሕገ መንግሥት ብሔራዊ ቋንቋ፣ ከእንግሊዝኛ ጋርም የሥራ ቋንቋ እንዳደረገው፣ የአፍሪካ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2022 እዚያው አዲስ አበባ ላይ ተሰብስቦ ከሥራ ቋንቋዎቹ አንዱ እንዳደረገው ሰምታችኋል። እኔ የመጣሁት ስለ አንዲት ጠባብ ነገር ልናገር ነው፦ ስዋሂሊ «የት» የሚለውን እንዴት እንደሚናገር።

ለምን ይህን መረጥሽ ብትሉኝ፣ ወደዚህ ክፍል ይዘናቸው የምንመጣቸውን ችግሮች አስቡ። ልጅቷ የት ወረደች? ሕመሙ የት ላይ ነው? ገንዘቡ የት ተቀምጦ ነበር? ቤትሽ የት ነው? አብዛኛው ነገራችን ከ«የት» ይጀምራል። በስዋሂሊ ደግሞ የቦታ ነገር በአንዲት ፊደል ይለወጣል።

ከቀላሉ ልጀምር። ቤት «ኙምባ» ነው። «ኒ» ጨምሩበት፣ «ኙምባኒ» ይሆናል፤ ያን ጊዜ ቤቱ ዕቃ መሆኑ ይቀርና ቦታ ይሆናል። «ሶኮ» ገበያ፣ «ሶኮኒ» ገበያ ላይ። «ሹሌ» ትምህርት ቤት፣ «ሹሌኒ»። «ምፉኮ» ኪስ፣ «ምፉኮኒ»። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ብዙዎቻችን የምንጠይቀው ግን «ከ» እና «ወደ» የት ሄዱ ነው። እኛ ከገበያ፣ ወደ ገበያ፣ በገበያ እንላለን። ስዋሂሊ ሦስቱንም «ሶኮኒ» ይላል። «አናቶካ ሶኮኒ» ከገበያ እየመጣች ነው፤ «አናክዌንዳ ሶኮኒ» ወደ ገበያ እየሄደች ነው፤ «ዩኮ ሶኮኒ» ገበያ ናት። አቅጣጫውን የሚሸከመው ግሡ ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ ይህ ከቃላት አቀማመጥ ጋር ይገናኛል። በአማርኛ ግሥ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ ሰሚው «ከ» ወይም «ወደ» ቀድሞ ካልደረሰው ዐረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ በጨለማ ይጠብቃል። በስዋሂሊ ግን ግሡ ከቦታው ይቀድማል፤ ሰሚው ገበያው ላይ ሲደርስ መሄድ ይሁን መምጣት አስቀድሞ ተነግሮታል። እኛም እኮ ግሡ ግልጽ ሲሆን «ገበያ ሄደች» ብለን «ወደ»ን እንጥላለን። ስለዚህ ነገሩ ያን ያህል ባዕድ አይደለም።

«ኒ» የማይገባበት ቦታ አለ። በከተማና በአገር ስም ላይ አይጨመርም፤ ናይሮቢ ናይሮቢ ነው፣ ሞምባሳም ሞምባሳ። ከውጭ በተወሰዱ ቃላት ላይ አንዳንዴ ይገባል፣ አንዳንዴ ይቀራል፤ «ሆስፒታሊ»ም «ሆስፒታሊኒ»ም ትሰማላችሁ። በሰው ላይ ግን ፈጽሞ አይገባም። ሐኪም ጋ እሄዳለሁ ለማለት «ኳ ዳክታሪ» ነው የሚባለው። ይህን «ኳ» በእኛው «ጋ» ያዙት፤ ሐኪም ቤት መሄድና ሐኪም ጋ መሄድ ለእኛም ሁለት ነገር ነው። የሰውን ስም ከ«ኳ» በኋላ አድርጎ ሰፈር መሰየምም የተለመደ ነው። ሙኩሩ ውስጥ «ኳ ንጄንጋ» እና «ኳ ሩበን» የሚባሉትን ታውቋቸዋላችሁ፤ እኛ ደጃች ውቤ ሰፈር እንደምንለው ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት ይዘው የሚመጡት የስዋሂሊ ደብተር ላይ «ንጌሊ» የሚባል ነገር አይታችሁ ይሆናል። ንጌሊ ማለት የስሞች ጎራ ነው። እኛ ስምን ወንድና ሴት ብለን በሁለት እንደምንከፍል እነሱ በብዙ ጎራ ይከፍላሉ። ከእነዚያ መካከል አንዱን መምህራኑ «ፓ-ኩ-ሙ» ይሉታል። የቦታ ጎራ እሱ ነው፤ ሦስት በር አለው።

«ፓ» የታወቀ፣ ጣት የሚቀሰርበት ቦታ ነው። «ኩ» ሰፊ ወይም በትክክል ያልተለየ አካባቢ ነው። «ሙ» ውስጥ ነው። «እዚህ» ለማለት ሦስት ቃል ያለው ለዚህ ነው፦ «ሃፓ»፣ «ሁኩ»፣ «ሁሙ»።

ይህን ስሰማ መጀመሪያ የመጣልኝ የገዛ አማርኛችን ነው። «እዚህ ተቀመጪ» እና «ወዲህ ነዪ» አንድ አይደሉም። «እዚህ» ነጥብ ነው፤ «ወዲህ» ደግሞ ወገን ነው፣ አካባቢ ነው። «ሃፓ» እና «ሁኩ»ም እንደዚያው ናቸው። ወጥ ከእሳት አውርዳችሁ ማስቀመጫው ላይ «ሃፓ» ትላላችሁ፤ «እኛ ሰፈር ውኃ ጠፍቷል» ስትሉ ግን የምትጠሩት «ሁኩ»ን ነው። «ሁሙ» እኛ «እዚህ ውስጥ» በሁለት ቃል የምንለው ነው፤ ሣጥኑ ውስጥ፣ ክፍሉ ውስጥ፣ ማታቱው ውስጥ። እንግዲህ ሁለቱን በደማችን እናውቃቸዋለን፤ ሦስተኛውን ጠቅልለው በአንድ ቃል ስለሰጡን ነው የሚያስደነግጠን።

የርቀት ነገር ግን ከእኛ ይለያል። እኛ ቅርብና ሩቅ አለን፦ እዚህ፣ እዚያ። እነሱ ሦስት አላቸው። «ሃፓ» ከተናጋሪዋ አጠገብ ነው። «ፓሌ» ከሁለቱም የራቀ ነው። በመካከላቸው «ሃፖ» አለ፤ ከሰሚዋ አጠገብ ያለው ወይም ቀደም ብለን ስሙን የጠራነው ቦታ። በ«ኩ» ሲሆን «ሁኩ፣ ሁኮ፣ ኩሌ»፤ በ«ሙ» ሲሆን «ሁሙ፣ ሁሞ፣ ምሌ»።

ይህች «ሃፖ» በስልክ ላይ ነፍስ ታድናለች ብል ማጋነን አይመስለኝም። አዲስ የመጣች ልጅ ጊኮምባ ገበያ ውስጥ ጠፍታ ትደውላለች እንበል። አጠገቧ ያለች ነጋዴ ስልኩን ተቀብላ ታነጋግራችኋለች። «ፓሌ ትጠብቅ» ካላችሁ ነጋዴዋ ልጅቷን ወደ ሌላ ቦታ፣ ምናልባትም አውቶቡስ ወደሚቆምበት ትልካታለች፤ «ፓሌ» ማለት እኔም አንቺም የሌለንበት እዚያ ማዶ ነውና። «ሃፖ» ካላችሁ አንቺ ያለሽበት ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ደግማችሁ «ሃፖ ሃፖ» ካላችሁ ደግሞ እዚያው በቆምሽበት፣ ንቅንቅ እንዳትዪ ማለት ነው። «አካዬ ሃፖ ሃፖ» በሉ፣ «እዚያው ባለችበት ትቆይ» ነው፤ ከዚያ ሄዳችሁ ልጅቷን አምጡ። በአማርኛ «እዚያ» ብቻ ስለምንል ሁለቱን በአንድ የመጥራት ልማድ አለብን። ተጠንቀቁ።

ቀጥሎ «አለ» የሚለው። አንድ ሰው ወይም ዕቃ የት እንዳለ ሲነገር የቦታዋ ፊደል መጨረሻ ላይ ትለጠፋለች፦ «ዩፖ»፣ «ዩኮ»፣ «ዩሞ»። ሦስቱም «አለ» ወይም «አለች» ናቸው። «ዩፖ» እዚሁ በታወቀው ቦታ አለች፤ «ዩኮ» እዚያ አካባቢ አለች፤ «ዩሞ» ውስጥ አለች። «ማማ ዩፖ?» ብሎ በስልክ የሚጠይቃችሁ ሰው እናትሽ አለች ወይ፣ ላገኛት እችላለሁ ወይ ማለቱ ነው። «ማማ ዩኮ ዋፒ?» ካላችሁ ግን የት እንደሆነች አያውቅም። ጥያቄው ራሱ ጠያቂው ምን ያህል እንደሚያውቅ ይነግራችኋል። ባልቴቶቹ ሐዘን ሲያጽናኑ «ሙንጉ ዩፖ» ሲሉ ሰምታችኋል፤ ቃል በቃል የእኛው «እግዚአብሔር አለ» ነው።

ለሰው «ዩ» የምትለው ለዕቃ እንደ ጎራው ትለወጣለች። ፖስታ፣ ማለቴ ደብዳቤ የሚገባበት፣ «ባሃሻ» ይባላል፤ «ባሃሻ ኢፖ»፣ «ኢኮ»፣ «ኢሞ» ይሆናል። እዚህ ላይ ስሟን የማልጠራት አንዲት እኅታችን የደረሰባትን በፈቃዷ ልንገራችሁ። በቤት ሠራተኝነት የገባችበት ቤት ነው። የቤቱ እመቤት ገንዘብ ያለበት ፖስታ ጠፍቷት ስትፈልግ፣ እኅታችን ጠረጴዛው ላይ አይታው ስለነበር «ባሃሻ ኢሞ ሜዛኒ» አለቻት። ስዋሂሊዋን የተማረችው ከሞምባሳ ሰዎች ነው፤ ሦስቱንም ትጠቀማለች፣ ግን ገና አላጠራቻቸውም። «ሜዛኒ» ብቻውን ጠረጴዛ ላይም ጠረጴዛ ዘንድም ሊሆን ይችላል። «ኢሞ» ሲመጣ ግን ነገሩ ውስጥ ነው፤ የጠረጴዛው ውስጥ ደግሞ መሳቢያው ነው። እመቤቲቱ «መሳቢያዬን ለምን ከፈትሽ?» ብላ ተነሣች። ፖስታው ከጋዜጣ ሥር ጠረጴዛው ላይ ተገኘ፤ እኅታችን ግን የሳምንት ደሞዟን ሳትቀበል ከዚያ ቤት ወጣች።

ማኅበሩ ሽማግሌ ልኮ ደሞዟን አስከፍሏል፤ ያ ጉዳይ አልቋል። እኔን ያልለቀቀኝ ግን እመቤቲቱ የሰማችውን በትክክል መስማቷ ነው። ቋንቋዋ የነገራትን ነው የያዘችው። ጥርጣሬው ከየት እንደመጣ ሌላ ጥያቄ ነው፤ እሱን በሰዋስው አንፈታውም። «ኢፖ ሜዛኒ» ወይም «ኢፖ ጁ ያ ሜዛ» ብትል ኖሮ ግን ቢያንስ ለጥርጣሬው መያዣ ባልሰጠችው ነበር። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ግልጹን ቃል ጨምሩበት፦ «ጁ ያ» ላይ፣ «ንዳኒ ያ» ውስጥ፣ «ቺኒ ያ» ሥር፣ «ኛ» ሳይሆን «ኙማ ያ» ኋላ፣ «ምቤሌ ያ» ፊት። ዳኛ፣ ፖሊስ፣ አሠሪና ሐኪም ፊት ስትቆሙ ቃል አትቆጥቡ።

ስለ ሐኪም ካነሣን፣ ክሊኒክ ስታስተረጉሙ የምትሰሙት ይህ ነው። የአካል ክፍል ላይ «ኒ» ይገባል፦ «ቱምቦኒ» ሆድ ላይ፣ «ኪፉዋኒ» ደረት ላይ፣ «ምጎንጎኒ» ጀርባ ላይ። «ሆዴን አመመኝ» ለማለት ተራው አነጋገር «ቱምቦ ሊናኒኡማ» ነው፤ አማርኛውም ያው ሆዱን ባለቤት አድርጎ ነው የሚናገረው። ግን ሐኪሙ የት ላይ ብሎ ሲጠይቅ ቦታው ራሱ ባለቤት ሆኖ ግሥ ሊይዝ ይችላል። «ሃፓ ፓናኡማ» ጣት የተቀሰረበት ነጥብ ያማል። «ሁኩ ኩናኡማ» ይህ ወገን ሁሉ ያማል። «ሁሙ ንዳኒ ምናኡማ» ከውስጥ ነው የሚያመው። ሦስት ዓይነት ሕመም ነው። የታመመችው በአማርኛ «እዚህ ጋ» ብላ እጇን ስትዘረጋ፣ አስተርጓሚዋ «ሃፓ» ከማለቷ በፊት «ነጥብ ነው ወይስ ወገኑ ሁሉ? ላይ ላዩን ነው ወይስ ውስጥ?» ብላ ትጠይቃት። አማርኛው ስላላስገደዳት ያልተናገረችው ነገር አለ።

አሁን ያልኩት «ቦታው ባለቤት ይሆናል» የሚለው ለእኛ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ትንሽ ልቆይበት። አማርኛ «ቤት እንግዶች መጥተዋል» ሲል ግሡ ለእንግዶቹ ይታዘዛል፤ መጥተ-ዋል፣ እነሱ። ስዋሂሊ «ኙምባኒ ኩሜፊካ ዋጌኒ» ሲል ግሡ የሚታዘዘው ለቤቱ ነው። «ኩ» የቦታዋ ምልክት ናት። በግድ ቢተረጎም «ቤቱ ዘንድ፣ እንግዳ ደረሰበት» ዓይነት ነገር ነው። «ዋጌኒ ዋሜፊካ ኙምባኒ» ካላችሁ ግን «እንግዶቹ ቤት ደርሰዋል» ነው፤ ሰሚው እንግዶቹን አስቀድሞ ያውቃቸዋል፣ ሲጠብቃቸው ነበር። በመጀመሪያው አነጋገር የሚያውቀው ቤቱን ነው፤ እንግዶቹ አዲስ ወሬ ናቸው። አማርኛ ይህን በ«እንግዶች» እና «እንግዶቹ» ይለያል። ስዋሂሊ «ኡ» እና «ዋ» የሚለጥፍበት እንዲህ ያለ መለያ ስለሌለው ሥራውን ለቃላቱ ቅደም ተከተልና ለዚያች የግሥ ራስ ሰጥቶታል። ሰሚው «ኩ» ስትመጣ ጆሮውን ያቆማል፦ አዲስ ነገር ሊነገረኝ ነው።

«ፓና»፣ «ኩና»፣ «ምና»ም ከዚህ ይወጣሉ፤ ቃል በቃል «ቦታው አለው» ናቸው። «ኩና ማጂ?» ውኃ አለ? «ቹምባኒ ምና ጊዛ» ክፍሉ ውስጥ ጨለማ አለ። ዝናብ ሲዘንብ «ኩናኜሻ»፣ ሲነጋ «ኩሜኩቻ»። ማን ዘነበ፣ ማን ነጋ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ያ ሰፊው «ኩ» ነው፣ አካባቢው። ይህን ነገር የቋንቋ ሊቃውንት ብዙ ደክመውበታል፤ በማላዊ የሚነገረውን ቺቼዋ ይዘው ጆን ብሬስናንና ጆኒ ካነርቫ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጡት ጽሑፍ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። በቺቼዋ «ፓ፣ ኩ፣ ሙ» ከስሙ ፊት ይቀመጣሉ። ስዋሂሊ ከስሙ ፊት ጥሏቸው በስተኋላ «ኒ» ቢያደርግም፣ በግሡና በተከታዮቹ ቃላት ላይ ግን አልጠፉም። ለዚህ ነው «ቤቴ» ሲባል «ኙምባ ያንጉ» የሆነው፣ «ቤቴ ውስጥ» ሲባል «ኙምባኒ ሟንጉ»፣ በተለመደው አነጋገር ደግሞ «ኙምባኒ ኳንጉ»።

አንዲት ትንሽ ወጥመድ ላስታውሳችሁ። «ምና» ብዙ ቁጥር «አላችሁ» ማለትም ነው። «ካሪቡኒ» እና «ንጆኒ» ላይ ያለችው «ኒ» ደግሞ የቦታ አይደለችም፤ እናንተ ብዙ መሆናችሁን ነው የምትናገረው። ዐውዱ ይለየዋል፣ አትጨነቁ።

አሁን አንዳንዶቻችሁ «እኛ ናይሮቢ ላይ እንዲህ ሲባል አልሰማንም፣ ሁሉም ኢኮ ኢኮ ነው የሚለው» ልትሉኝ ነው። እውነት ነው። ናይሮቢ ላይ «ኩ» ሌሎቹን ውጧቸዋል። «ኒኮ» ይላሉ፤ ታንዛኒያ ስትሻገሩ «ኒፖ» ይሏችኋል። እ.ኤ.አ. በ1928 ሞምባሳ ላይ በተደረገው ጉባኤ ለመደበኛው ስዋሂሊ መሠረት እንዲሆን የተመረጠው የዛንዚባር ከተማ አነጋገር ነው፤ የመጽሐፉና የፈተናው ስዋሂሊ ከዚያ ይመጣል። ስለዚህ ልጃችሁ ደብተሯ ላይ «ኙምባኒ ሟኬ ምሜኢንጊያ ኞካ» ብላ ስትጽፍ፣ ቤቱ ውስጥ እባብ ገባ ለማለት፣ የጎረቤት ልጆች እንዲህ አይሉም ብላችሁ አታርሟት። መምህሩ ያረመው ትክክል ነው። የእኔ ምክር፣ ስትናገሩ በ«ኩ» ብትኖሩ ማንም አይስቅባችሁም፤ ስትሰሙ ግን ሦስቱንም ስሙ። የባሕር ዳርቻ ሰው፣ የታንዛኒያ ነጋዴ ወይም በዕድሜ የገፉ ሰው ሲያነጋግሯችሁ ፊደሏን የመረጧት አውቀው ነው።

ቦታዋ ወደ ጊዜም ትሻገራለች። «ኒሊፖፊካ» ስደርስ፣ በደረስኩ ጊዜ ነው፤ ያቺው «ፖ» ናት። «ኒናኮክዌንዳ» ግን የምሄድበት ነው፤ ጊዜ አይሆንም። ተረት ሲጀምሩ «ሃፖ ዛማኒ» ይላሉ፣ «ያኔ በጥንት» እንደማለት። ጊዜ ካነሣን ሰዓት አቆጣጠራቸው እንደእኛ መሆኑ አሁንም ያስደስተኛል፤ «ሳ ሞጃ አሱቡሂ» ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው፣ ልክ ቤታችን እንዳለን። በአፍሪካ ቀንድና በባሕሩ ዳርቻ ፀሐይ ስትወጣ ነው ቁጥር የሚጀምረው።

ሁለት ነገር ይቀረኛል። አንደኛው «ክዌቱ» ነው። «ኳ» ከ«የእኛ» ጋር ሲገጥም «እኛ ዘንድ» ይሆናል፤ ቤታችንም፣ ሰፈራችንም፣ አገራችንም እሱ ነው። «ክዌኑ ኒ ዋፒ?» ብሎ የሚጠይቃችሁ ሰው የምትከራዩበትን አይደለም የሚጠይቀው፤ የትውልድ ቦታችሁን ነው። አድራሻ የሚፈልግ ሰው «ኡናካ ዋፒ?» ይላል። ቢሮ ውስጥ ቅጽ ሲሞላ ሁለቱ ጥያቄዎች ተከታትለው ሊመጡ ይችላሉ። ለመጀመሪያው ጎንደር ወይም ወሎ ብላችሁ መልሱ፤ ለሁለተኛው ኢስትሊ በሉ።

ሌላው የለቅሶ ቃል ነው። ጎረቤት ሲሞትባችሁ ስትሄዱ «ሙንጉ አምላዜ ማሃሊ ፔማ ፔፖኒ» ይባላል፤ እግዚአብሔር በገነት በመልካም ቦታ ያሳርፋት። «ማሃሊ» ቦታ ማለት ነው፤ «ፔማ» መልካም፣ ራሷ ላይ ያለችው «ፓ» ናት። «ፔፖኒ» ገነት ነው፣ መጨረሻው ላይ «ኒ» አለበት። «ኩ» አልተባለም፣ ወዴት አካባቢ እንደሆነ እንጃ አልተባለም። ጣት የሚቀሰርበት፣ የታወቀ ቦታ ነው። ልቅሶ ስትደርሱ ሌላው ስዋሂሊ ቢጠፋችሁ ይህቺን ብቻ ያዙ፤ ቀስ ብላችሁ በሉት፣ ሰዎቹ አብረዋችሁ ይጨርሱታል።

ቡናው ደርሷል መሰለኝ። እሑድ ትምህርቱ ላይ ከልጆቻችሁ የፓ-ኩ-ሙ ደብተር ይዛችሁ ኑ፤ ጥያቄዎቹን አብረን እንሠራቸዋለን።